የመጀመሪያዋ ደቂቃ፦ በካምፓስ የፈተና ሰርቨር ላይ ከትእዛዝ መስመር የሚካሄድ የጫና ፍተሻ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናን በኮምፒዩተር ይወስዳሉ። የማለፊያውን 50 በመቶ ያላገኘ ተማሪ ኮርሶቹን በሙሉ ቢያጠናቅቅም ዲግሪውን አይረከብም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በበይነ መረብ ተሰጥቷል። በዚህም ምክንያት የፈተና ሰርቨር መዘግየት የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል የውስጥ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የተፈታኙን የዓመታት ድካም የሚነካ ጉዳይ ሆኗል። ከአዲስ አበባ 766 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጋምቤላ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ፈተናው እየተካሄደ ሳለ የተበላሸን ሰርቨር የሚተካ ዕቃ ከመሀል አገር ሊደርስ አይችልምና። ስለዚህ ሰርቨሩ ጫናውን መቻል አለመቻሉ ከፈተናው ዕለት በፊት ሊታወቅ ይገባል።

አንድ ሰርቨር «600 ተጠቃሚ ይችላል» ሲባል ብዙ የተነገረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን 600ዎቹ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚደርሱ ካልተገለጸ አባባሉ ትርጉም የለውም። የጫና ፍተሻ ከሁሉ አስቀድሞ የመድረሻውን ቅርጽ መምሰል አለበት። ቅርጹን ሳያዛቡ ለማመንጨት ደግሞ ከትእዛዝ መስመር የሚሠሩ መሣሪያዎች ከመስኮታማዎቹ ይሻላሉ። ከዚህ በታች የሚቀርቡት የተፈታኝ ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ግምቶች እንጂ በአንድ ተቋም የተለኩ ውጤቶች አይደሉም። «ጥያቄ» የሚለው ቃል ለፈተናው ጥያቄ እንዲቀር፣ አሳሹ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው እያንዳንዱ መልእክት «ጥሪ» ተብሏል።

አማካይ የሚደብቀው

ለአማካይ አሳሳችነት የጋምቤላ የራሷ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ግን ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ቡና የወንዙን መሙላት ይጠብቃል፤ ሲሞላም መርከቡ፣ ሸቀጡና ተሸካሚው በአንድ ሰሞን ይገናኛሉ። የዓመቱን ጭነት ለ12 ወራት እኩል አካፍሎ በዚያ ልክ መጋዘንና ሠራተኛ ያዘጋጀ ነጋዴ ቢኖር ኖሮ፣ በበጋ ሥራ ፈቶ በክረምት ይጨነቅ ነበር።

የፈተና ሰርቨርም ክረምት አለው። 600 ተማሪዎች በ180 ደቂቃ 100 ጥያቄ ይመልሳሉ እንበል። አንድ ተማሪ በየ108 ሰከንዱ አንድ መልስ ካስቀመጠ፣ ሰርቨሩ በአማካይ በሰከንድ 5.6 ጥሪ ይደርሰዋል፤ ይህን መካከለኛ ላፕቶፕም ያስተናግደዋል። አስተባባሪው «ጀምሩ» ባለበት ቅጽበት ግን 600ዎቹ በ30 ሰከንድ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ተማሪ ለመግባትና የመጀመሪያውን ገጽ ለማየት 8 ጥሪ ቢያስፈልገው፣ በ30 ሰከንድ 4,800 ጥሪ፣ ማለትም በሰከንድ 160 ጥሪ ይሆናል። ከአማካዩ ጋር ሲነጻጸር 29 እጥፍ ገደማ ነው።

ጥሪዎቹም እኩል ዋጋ የላቸውም። የይለፍ ቃልን የሚያረጋግጠው ስሌት ሰርጎ ገቦችን ለማዘግየት ሲባል ሆን ተብሎ ከባድ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንዱ ማረጋገጫ የአንድን ፕሮሰሰር ኮር 50 ሚሊሰከንድ ቢይዝ፣ ለ600 ተማሪ 30 የኮር ሰከንድ ይጠይቃል፤ አራት ኮር ያለው ሰርቨር ሌላ ምንም ሳይሠራ 7.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ጥሪ የሚበዛባት ብቻ ሳትሆን ከባድ ከባዱ ጥሪም የሚሰበሰብባት ናት።

ሁለተኛም ግፊት አለ፤ ብዙ የፍተሻ ዕቅዶች ይረሱታል። የእያንዳንዱ ተማሪ ሰዓት የሚቆጥረው ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ከሆነና ሶፍትዌሩ ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቱን በራሱ የሚሰበስብ ከሆነ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ የጀመሩ ሁሉ ከሦስት ሰዓት በኋላ በዚያው 30 ሰከንድ ይሰበሰባሉ። ቀድመው የጨረሱት ይህን ያቀሉታል፤ ፈተናው ከባድ በሆነ ቁጥር ግን እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሚቆየው ይበዛል። የሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ ቀስ በቀስ የሚሞላበት ችግር ካለም የሚገለጸው በዚያችው ሰዓት ነው። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ብቻ የቆየ ፍተሻ የሦስት ሰዓት ፈተናን አይወክልም።

ወረፋው የሚጀምርበት ነጥብ

ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ማረጋገጫውን ያቀረበለት ሕግ እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፦ በአንድ ጊዜ በሥርዓቱ ውስጥ ያሉት ጥሪዎች ብዛት፣ የመድረሻው ፍጥነትና አንዱ ጥሪ የሚቆይበት ጊዜ ብዜት ነው። በሰከንድ 160 ጥሪ ቢደርስና ምላሹ 0.2 ሰከንድ ቢፈጅ 32 ጥሪዎች ብቻ በአንድ ጊዜ ይኖራሉ። ምላሹ ወደ 3 ሰከንድ ቢዘገይ ግን 480 ይሆናሉ።

ይህ ቁጥር ከሶፍትዌሮቹ ነባሪ ገደቦች ጋር ሲተያይ ትርጉም ያገኛል። የአፓቼ ዌብ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ ፕሮሰስ በሚመድብበት አሠራሩ በነባሪው 256 ጥሪ ብቻ በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። 256ን ለ160 ብናካፍል 1.6 ሰከንድ እናገኛለን፤ የምላሽ ጊዜው ከዚህ ካለፈ ተከታዩ ጥሪ በር ላይ መቆም ይጀምራል። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት በነባሪው 100 ግንኙነት፣ ማይኤስኪውኤል 151 ግንኙነት ብቻ ይፈቅዳሉ። እንግዲህ የዌብ ሰርቨሩን ገደብ ወደ 500 ከፍ አድርጎ የመረጃ ቋቱን ገደብ እንደነበረ የተወ ባለሙያ ወረፋውን ከበር ወደ ጓዳ ማዛወሩ ነው፤ ያውም በር ላይ የቆመ ተማሪ ሲጠብቅ፣ ጓዳ የደረሰው የስህተት መልእክት ይቀበላል። የጫና ፍተሻ ተቀዳሚ ጥቅም ከእነዚህ ገደቦች መጀመሪያ የሚነካው የትኛው እንደሆነ ማሳየቱ ነው።

ፍተሻው ራሱ ሲዋሽ

ጫና የሚመነጭባቸው ሁለት ሞዴሎች አሉ። በዝግ ሞዴል የተወሰኑ ምናባዊ ተጠቃሚዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ምላሹን ካገኘ በኋላ ብቻ ቀጣዩን ጥሪ ይልካል። በክፍት ሞዴል ግን ሰርቨሩ ፈጠነም ዘገየ ጥሪዎች በታቀደላቸው ሰዓት ይደርሳሉ። የውጤት መግለጫ ገጽ ክፍት ሞዴልን ይከተላል፤ ውጤት በወጣበት ቀን ጓደኛው ገጹን እስኪያይ የሚጠብቅ ተማሪ የለም። የፈተና ክፍል ግን ድብልቅ ነው። ተፈታኙ የታወቀ ቁጥር ስላለውና ገጹ እስኪከፈት ስለሚጠብቅ ዝግ ይመስላል፤ ገጹ ሲዘገይበት ግን የማደሻውን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። በዚህ ጊዜ መዘግየት ራሱ ተጨማሪ ጫና ይወልዳል። ይህን ያላካተተ ዕቅድ ከእውነተኛው ተማሪ ይልቅ ትዕግሥተኛ የሆነ ተማሪ ይፈጥራል።

ዝግ ሞዴል የሚያስከትለው የመለኪያ ስህተት የበለጠ አሳሳች ነው። ጊል ቴኔ የተባለው መሐንዲስ ይህን ስህተት ለይቶ ስም አውጥቶለታል፤ በአማርኛ «የተቀናጀ ግድፈት» ሊባል ይችላል። አንድ ምናባዊ ተጠቃሚ ለ200 ሰከንድ በየሰከንዱ አንድ ጥሪ እንዲልክ ታቅዷል እንበል። ሰርቨሩ እያንዳንዱን በ50 ሚሊሰከንድ ይመልሳል፤ በ100ኛው ሰከንድ ላይ ግን ለ20 ሰከንድ ይቆማል። ምናባዊው ተጠቃሚ በዚያ ጊዜ አንዲት ጥሪ ልኮ ይጠብቃል እንጂ ሌሎቹን 19 አይልክም። ስለዚህ መዝገቡ 181 ጥሪዎችን ያሳያል፤ 180ዎቹ ፈጣን፣ አንዷ የ20 ሰከንድ። 99ኛው ፐርሰንታይል 50 ሚሊሰከንድ ሆኖ ይወጣል፤ ሪፖርቱን የሚያነበው ኃላፊም ይረካል። ጥሪዎቹ በታቀደላቸው ሰዓት ቢደርሱ ኖሮ ግን 20ዎቹ ከ20 እስከ 1 ሰከንድ በጠበቁ፣ 99ኛው ፐርሰንታይልም 18 ሰከንድ በሆነ ነበር። ሰርቨሩም መቆሙም አንድ ናቸው፤ የተለየው ቆጣሪው ነው።

ፐርሰንታይሉ በትክክል ቢለካም አነባበቡ ጥንቃቄ ይሻል። «99 በመቶ ጥሪዎች ፈጣን ናቸው» ማለት «99 በመቶ ተማሪዎች አልተቸገሩም» ማለት አይደለም። መዘግየቱ በዘፈቀደ የሚከሰት ቢሆን፣ 8 ጥሪ የሚልክ ተማሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመዘግየት ዕድሉ 7.7 በመቶ ነው፤ ከ600 ውስጥ 46 ገደማ ማለት ነው። በፈተናው ሙሉ 100 መልስ የሚያስቀምጥ ደግሞ 63 በመቶ ዕድል አለው። ስለዚህ ለፈተና ሰርቨር የሚገባው መስፈርት አማካይ ሊሆን አይችልም። 99ኛው ፐርሰንታይልም ለብቻው አይበቃም፤ ከፍተኛው የምላሽ ጊዜና የጠፋ መልስ ብዛት መታየት አለባቸው።

የጠፋን መልስ ለመቁጠር ቀላል መንገድ አለ። ፍተሻው ሲያልቅ በመረጃ ቋቱ ውስጥ 600 ሲባዛ በ100፣ ማለትም 60,000 የተቀመጡ መልሶች መገኘት አለባቸው። ከዚህ ካነሰ የምላሽ ጊዜው ምንም ያህል ቢያምር ፍተሻው ወድቋል። ብዙ ሶፍትዌሮች «ይቅርታ፣ ችግር አጋጥሟል» የሚለውን ገጽ የተሳካ ምላሽ በሚያመለክተው ኮድ 200 ይልኩታል፤ የስህተት ገጽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ገጽ ይፈጥናል። የገጹን ይዘት ሳያነብ ኮዱን ብቻ የሚቆጥር መሣሪያ ሰርቨሩ በወደቀ መጠን ውጤቱ የተሻሻለ ሊመስለው ይችላል።

ከትእዛዝ መስመር

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚታወቀው የአፓቼ ጄሜትር የፍተሻ ዕቅድን በመስኮት ለመንደፍ ያስችላል። ሆኖም መስኮቱ ለመንደፍና ለማረም ብቻ እንጂ ለጫና ፍተሻ እንዳይውል መሣሪያው ራሱ ያሳስባል። እያንዳንዱን ምላሽ በሠንጠረዥና በሥዕል የሚያሳየው ክፍል የኮምፒዩተሩን ማህደረ ትውስታና ፕሮሰሰር ይሻማል፤ በዚያም ምክንያት የሚዘገየው ጫና አመንጪው ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በሰርቨሩ ላይ ይጻፋል። ዕቅዱ ከተነደፈ በኋላ ጄሜትር በትእዛዝ መስመር «ኤን» በሚለው አማራጭ ያለ መስኮት ይነሣል፤ «ቲ» የዕቅዱን ፋይል፣ «ኤል» ውጤቱ የሚመዘገብበትን ፋይል ያመለክታሉ። «ኢ» እና «ኦ» ሲጨመሩ ሥራው ሲያልቅ ሪፖርት ያዘጋጃል። ትልቁ «ጄ» ደግሞ የተጠቃሚ ብዛትን የመሰለ እሴት ከውጭ ለማስገባት ያገለግላል፤ ዕቅዱን ሳይነኩ በ100፣ በ300፣ በ600 እያሉ መድገም የሚቻለው በዚህ ነው።

በዕቅዱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው የመግቢያ ፍጥነት ነው። 600 ትሬዶችን በ600 ሰከንድ ማስነሣት በሰከንድ አንድ ተማሪ ማስገባት ስለሆነ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ከፍተሻው ያስወግዳታል። ጄሜትር ትሬዶቹን እስኪሞሉ አቆይቶ በአንዴ የሚለቅ ማመሳሰያ ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ «ጀምሩ» የሚለውን ድምፅ የሚመስለው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ምናባዊ ተጠቃሚ የራሱ የመግቢያ ስም እንዲኖረው ከፋይል ማስነበብ ነው። በፒኤችፒ በተጻፉ ሶፍትዌሮች ውስጥ አንድ የመግቢያ ቆይታ በተለመደው አሠራር ስለሚቆለፍ፣ ሁሉም በአንድ ስም ገብተው አንዱን ቆይታ ከተጋሩ ጥሪዎቹ ተራ በተራ ይሄዳሉ፤ የሌለ ችግር ይታያል፣ ያለውም ይሸፈናል። ሦስተኛው፣ ሁሉም ጥሪ በታቀደለት ሰዓት መድረሱ የሚፈለግ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው በ5.5 እትም የተጨመረውን የክፍት ሞዴል ትሬድ ቡድን መጠቀም ነው።

ሙድል በተባለው የመማሪያ ሥርዓት ለሚጠቀሙ ክፍሎች አቋራጭ መንገድ ያለ ይመስላል፤ ሙድል የጄሜትር ዕቅድ የሚያመነጭ መሣሪያ አብሮት ይመጣልና። ነገር ግን የሚመነጨው ዕቅድ ኮርስ የሚያይና በውይይት መድረክ የሚጽፍ ተማሪን ነው የሚመስለው፤ ፈተና የሚወስድን አይደለም። እንደ መነሻ ይጠቅማል፤ እንዳለ ተወስዶ ለፈተና ዝግጁነት ማረጋገጫ ቢቀርብ ግን ሌላ ሰርቨር እንደ መፈተሽ ይቆጠራል።

ሌሎቹ መሣሪያዎች በአጭሩ ሊገለጹ ይችላሉ። ኤቢ የተባለው የአፓቼ መለኪያ አንድን አድራሻ ደጋግሞ ለመጥራት ይበቃል፤ መግባትንና መልስ ማስቀመጥን ያካተተ ጉዞ አይችልም። ወርክ ፈጣን ነው፤ ሞዴሉ ግን ዝግ ስለሆነ ጊል ቴኔ የመድረሻ ፍጥነትን የሚቀበል ወርክ ሁለትን አዘጋጅቷል። ኬሲክስ ዕቅዱን በጃቫስክሪፕት ይቀበላል፣ ክፍት ሞዴልንም ይደግፋል፤ ከተቀመጠው መስፈርት በታች ሲሆን ዜሮ ያልሆነ መውጫ ኮድ ስለሚመልስ ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ፍተሻውን በራሱ ለማስኬድ ይመቻል።

ጫና የሚያመነጨው ኮምፒዩተርም ወሰን አለው። በሊኑክስ በነባሪው አንድ ፕሮሰስ 1,024 ፋይሎችን ብቻ መክፈት ይፈቀድለታል፤ እያንዳንዱ ምናባዊ ተማሪ ሁለት ግንኙነት ቢከፍት 600ዎቹ 1,200 ስለሚሆኑ ፍተሻው ሰርቨሩን ሳይነካ ይወድቃል። ለወጪ ግንኙነት የሚመደቡት ወደቦች ደግሞ ከ32768 እስከ 60999፣ በጠቅላላው 28,232 ናቸው። የተዘጋ ግንኙነት ወደቡን ለ60 ሰከንድ ይዞ ስለሚቆይ፣ አንድ ኮምፒዩተር ወደ አንድ ሰርቨር በዘላቂነት መክፈት የሚችለው በሰከንድ 470 ያህል አዲስ ግንኙነት ነው።

የቦታው ጠባይ

እስካሁን የተባለው በየትኛውም ካምፓስ ይሠራል። ጋምቤላ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል በጠዋት የተካሄደና ከቀትር በኋላ የተደገመ ፍተሻ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የመጣው ከሰርቨሩ ይሁን ከላፕቶፑ የሚለየው የሁለቱም የፕሮሰሰር ፍጥነትና ሙቀት ከውጤቱ ጎን ከተመዘገበ ብቻ ነው። የመውጫ ፈተናው በክረምት መግቢያ ብቻ ሳይሆን በዓመቱ አጋማሽም ስለሚሰጥ፣ በሐምሌ የተገኘን ውጤት ለየካቲት ማዋል አያስተማምንም።

የርቀት ግንኙነትም ሌላው ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ቢሆን ብርሃን በፋይበር ውስጥ የ766 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ እውነተኛው መስመር ጠመዝማዛ ስለሆነና በየጣቢያው ስለሚቆም ከዚህ ይበልጣል። መስመሩ በምድር ወገብ ላይ በቆመ ሳተላይት በኩል ካለፈ ደግሞ ሲግናሉ ወደ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ አራት ጊዜ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከ477 ሚሊሰከንድ አያንስም። ጫና አመንጪውን ከሰርቨሩ ጎን አስቀምጦ የሚለካ ሰው የሰርቨሩን አቅም እንጂ የተፈታኙን ቆይታ አላወቀም። ሁለቱን ለይቶ መለካት ያስፈልጋል፦ አንደኛውን ከሰርቨሩ አጠገብ፣ ሁለተኛውን ከፈተና ክፍሉ ወንበር።

መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ በርቀት ገብቶ ፍተሻ የሚያስጀምር ባለሙያ ሌላም ችግር ይጠብቀዋል። በኤስኤስኤች የተከፈተው መስኮት ሲቋረጥ በውስጡ የተጀመረው ሥራ አብሮ ሊቋረጥ ይችላል፤ የሦስት ሰዓት ፍተሻ በሁለተኛው ሰዓት ከጠፋ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ኖሃፕ በሚለው ትእዛዝ ማስነሣት ወይም ቲመክስ በተባለው መሣሪያ ውስጥ መሥራት ይህን ያስቀራል። መስኮታማ ፍተሻን በርቀት ማካሄድ ሥዕሉን ራሱ በመስመሩ ላይ ስለሚያጓጉዝ በእንዲህ ያለ ቦታ መታሰብም የለበትም።

የፍተሻው መረጃም የቦታውን ፊደላት ይያዝ። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲጻፍ ደግሞ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ጋምቤላ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል በዚህ ስሌት 12 ባይት፣ በአድራሻ ውስጥ 36 ምልክት ነው። በኑዌር ቋንቋ የላቲን አጻጻፍ ውስጥ ያሉት ልዩ አናባቢዎችም ከአንድ ባይት በላይ ይይዛሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ተማሪ አንድ፣ ተማሪ ሁለት» ተብለው በተሰየሙ ምናባዊ ተጠቃሚዎች ያለፈ ሶፍትዌር በእውነተኛ ስሞች ላይ የርዝመት ገደብ ጥሶ ሊወድቅ ይችላል።

ፍተሻው የሚካሄድበት ሰርቨር የፈታሹ ክፍል የራሱ ወይም በጽሑፍ የተፈቀደለት መሆን አለበት። የጫና ፍተሻና አገልግሎት የማስተጓጎል ጥቃት በመስመሩ ላይ አይለያዩም፤ የሚለያቸው ፈቃድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የኮምፒዩተር ሥርዓትን ያለ ፈቃድ ማደናቀፍን በወንጀል ያስቀጣል፤ ምርምር ነው ማለት ፈቃድን አይተካም። ስለዚህ በአገር አቀፍ ደረጃ በሚተዳደሩ የፈተናና የውጤት ገጾች ላይ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ብለው ፍተሻ ሊያካሂዱ አይገባም፤ ተመሳሳይ ሶፍትዌር በካምፓሱ ሰርቨር ላይ ተክሎ መፈተሽ ይቻላል። የፈቃዱ ደብዳቤ የሚፈተሸውን አድራሻ፣ ቀኑን፣ ከፍተኛውን የመድረሻ ፍጥነትና ፍተሻውን የማቋረጥ ሥልጣን ያለውን ኃላፊ መግለጽ ይኖርበታል። ከፍተሻው በኋላም የዕቅዱ ፋይል፣ የተሰጠው ትእዛዝ እንዳለ፣ የሰርቨሩ የገደብ ቅንብሮችና ያልተጠቃለለው የውጤት መዝገብ አብረው ይቀመጣሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰርቨሩ ሲቀየር ውጤቱን ማነጻጸር የሚቻለው እነዚህ ከተገኙ ብቻ ነው።